የክሬሰንት ሮል ቅቤ ለምን ትሪው ላይ ይፈሳል? ውስጡስ ለምን ሊጥ ሆኖ ይቀራል?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የአሜሪካ አሠራር ተከትዬ ክሬሰንት ሮል (እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎብጦ የሚጠቀለል የቅቤ ዳቦ) ከዱቄቱ ጀምሬ ቤት እጋግራለሁ። ዱቄቱን በኩባያ ለክቼ አንድ ፓኬት እርሾ ጨመርኩ። ሊጡን ዳምጬ የቀለጠ ቅቤ ቀባሁትና ጠቀለልኩት። ቶሎ ኩፍ እንዲል ሞቅ ያለ ኦቭን ውስጥ አንድ ሰዓት አቆየሁት። ሲጋገር ቅቤው ወጥቶ ትሪው ላይ ይፈሳል፤ ታቹ እንደተጠበሰ ይሆናል፤ ላዩ ቀልቶ ውስጡ ሊጥ ነው፤ ጥቅልሉም ይፈታል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ምላሽ፦

የያዙት አሠራር መጥፎ ላይሆን ይችላል። የተጻፈው ግን ለሌላ ከፍታ፣ ለሌላ መለኪያና ለሌላ የእርሾ ፓኬት ነው። ከገለጹት ውስጥ ትልቁን ጉዳት ያደረሰው ሙቀቱ ነው። ቅቤው ኦቭን እስኪገባ ድረስ ለስላሳ ግን ያልቀለጠ ሆኖ በሊጡ መሐል መቆየት አለበት። እርስዎ ገና ሲቀቡት ቀልጦ ነበር፤ ሞቃቱ ኦቭን ውስጥ ሲቆይ ደግሞ የቀረው ቀለጠ። ስለዚህ ትሪው ላይ የፈሰሰው ቅቤ መጋገር ከመጀመሩ በፊት ከሊጡ ተለይቶ ያለቀ ቅቤ ነው።

የገበታ ቅቤ 80 በመቶ ያህሉ ስብ፣ 16 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ለስላሳ ሆኖ ሲቀባ ስቡና ውኃው ተያይዘው ይቆያሉ፤ ኦቭን ውስጥ ውኃው ተኖ ንብርብሩን ገፋ ያደርገዋል፤ ስቡ ደግሞ ሊጡ እንዳይጣበቅ ይለየዋል። አንዴ ከቀለጠ ግን ስቡና ውኃው ይለያያሉ። ቢቀዘቅዝም ወደነበረበት አይመለስም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ቅቤውን እሳት አያሳዩት፤ ከፍሪጅ አውጥተው ጣት ሲጫነው በቀላሉ ጎድጎድ እስኪል፣ ግን እስከማያብረቀርቅ ድረስ ይተዉት።

የተነጠረ ቅቤ ለዚህ ዳቦ አይሆንም። ውኃው ወጥቶ ያለቀ ስለሆነ እንፋሎት አይሰጥም፤ የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታም የወተቱንና የእርሾውን መዓዛ ይውጠዋል። ለጋ ቅቤ ይሠራል፤ ግን አሬራው በደንብ ካልወጣለት ከሚገባው በላይ እርጥብ ነው፤ ኮምጠጥም ይላል። በቀዝቃዛ ውኃ ውኃው ጥርት እስኪል እያሹ ካጠቡትና ካጠነፈፉት በኋላ ሊጡ ውስጥ ቢጨምሩት ጥሩ ነው። በመሐል ለሚቀባው ግን የገበታ ቅቤ ይሻላል።

ወደ መለኪያው እንምጣ። የአሜሪካ አሠራር «አንድ ካፕ» ሲል 240 ሚሊ ሊትር ማለቱ ነው፤ ቤት ያለው ኩባያ ግን አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ትክክለኛው ካፕ ቢኖርዎትም ዱቄቱን በማንኪያ እየጨመሩ ከሞሉት 120 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ካፑን ዱቄቱ ውስጥ ነክረው ካወጡት 140 ወይም 150 ግራም ይሆናል። በአራት ካፕ ላይ የሚፈጠረው ልዩነት ለስላሳውን ሊጥ ደረቅ ድንጋይ ያደርገዋል። እርሾውም እንደዚሁ። አሜሪካኖቹ «አንድ ፓኬት» የሚሉት 7 ግራም ነው። እዚህ ከሚሸጡት ትንንሽ ፓኬቶች ውስጥ 11 ግራም የሆነ አለ፤ ጀርባውን ያንብቡ። 11 ግራሙን ሙሉ ከጨመሩ ከታዘዘው በግማሽ የበለጠ እርሾ ገብቷል ማለት ነው፤ ያውም ባነሰ እርሾ መሠራት ባለበት ከተማ። ስለዚህ ቅድሚያ የሚገዛው ዕቃ በግራም የሚለካ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ከኦቭኑም፣ ከማቡኪያ ማሽኑም ይቀድማል።

ከፍታው ምን ያደርጋል? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን በቀላሉ ይነፋዋል፤ ሊጡ መዓዛና ጥንካሬ ሳያዳብር ቶሎ እጥፍ ይሆናል። ውኃም እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንዳንድ አሠራሮች «የዳቦው ውስጥ 95 ዲግሪ እስኪደርስ ይጋገር» የሚሉትን እዚህ ከጠበቁ ዳቦው ደርቆ ያልቃል እንጂ 95 አይደርስም። በእኛ ከፍታ 87 ወይም 88 ዲግሪ ላይ ከደረሰ በስሏል።

ይህን ሁሉ አስተካክሎ የሚሠራው ልክ ከዚህ በታች ያለው ነው። 16 መካከለኛ ክሬሰንት ይወጣዋል፦ ነጭ የፉርኖ ዱቄት 500 ግራም፣ ወተት 230 ግራም፣ እንቁላል 50 ግራም፣ ስኳር 55 ግራም፣ ጨው 9 ግራም፣ ፈጣን ደረቅ እርሾ 5 ግራም፣ ሊጡ ውስጥ የሚገባ ለስላሳ የገበታ ቅቤ 80 ግራም፣ በመሐል የሚቀባ ሌላ 50 ግራም። ላዩን ለመቀባት አንድ አስኳልና አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት።

እንቁላሉን ያለ ቅርፊቱ ይመዝኑ። አንድ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል 50 ግራም ገደማ ይሆናል፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ግን ትንሽ ስለሆነ አንዱ አይበቃም፤ ሁለት መትተው 50 ግራሙን ይውሰዱ። ገበታ ቅቤዎ ጨው ያለበት ከሆነ የሊጡን ጨው ወደ 7 ግራም ያውርዱ። ባሕር ዳርቻ ያላችሁ፣ ጅዳም ሆነ ዱባይ፣ እርሾውን 7 ግራም አድርጉት፤ የእናንተ ፈተና የክፍሉ ሙቀት ስለሆነ ከመዳመጡ ጀምሮ ኤሲው ባለበት ክፍል ሥሩ።

ወተቱ ይፍላ። ጥሬ ወተት ከሆነ ለጤና ግድ ነው፤ ከዚያም በላይ ካልፈላ ወተት ውስጥ ሊጡን የሚያላሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ በሙቀት ሲለወጡ ዳቦው የተሻለ ይነሳል። ሲፈላ ውኃው ስለሚተን 230 ግራሙን ከፈላና ለብ ካለ በኋላ ይመዝኑ። ጣት ሲነከር የማይሞቅም የማይቀዘቅዝም ሲሆን ደርሷል፤ ትኩስ ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል።

ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ እርሾውንና ጨውን ደባልቀው ወተቱንና እንቁላሉን ይጨምሩ። ቅቤው አሁን አይገባም። ስቡ ዱቄቱን ቀድሞ ከሸፈነው ግሉተኑ (ሊጡን የሚያለጥጠው የስንዴ ፕሮቲን) ለመያያዝ ይቸገራል። አምስት ደቂቃ ያህል ካሹት በኋላ 80 ግራሙን ቅቤ በሦስት ከፍለው እየጨመሩ ይሹት። ቅቤው ሲገባ ሊጡ ይበጣጠሳል፤ ይንሸራተታል፤ የተበላሸ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ዱቄት ይጨምራል። አይጨምሩ፤ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሲታሽ ቅቤውን ጠጥቶ ይሰበሰባል። በጠቅላላው በእጅ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ትንሽ ሊጥ ቆንጥረው ቀስ ብለው ሲወጥሩት ሳይቀደድ ብርሃን እስኪያሳይ ከሳሳ ታሽቷል። ሲነኩት የጆሮ ጫፍን ያህል መለስለስ አለበት። በበጋ አየሩም ዱቄቱም ደረቅ ስለሚሆን ሊጡ ከጠጠረብዎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ይጨምሩ።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። የተቻኮለ ሰው ሸፍኖ በክፍሉ ሙቀት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ያስቀምጠዋል፤ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ሲቀረው ተጭኖ ጋዙ ይወጣና 20 ደቂቃ ፍሪጅ ይገባል። የምመክረው ሁለተኛውን ነው፦ ከታሸ በኋላ 30 ደቂቃ ውጪ አቆይተው፣ ተጭነው አሳስተው፣ በክዳን ወይም በፕላስቲክ ሸፍነው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይበቃዋል። በቅዝቃዜው እርሾው ስለሚዘገይ ከፍታው የነጠቀንን የመዓዛ ጊዜ ያስመልስልናል። በማግስቱም ሊጡ ቀዝቅዞና ጠንከር ብሎ ስለሚጠብቅዎት ያለ ብዙ ዱቄት ይዳመጣል፤ የሚቀባው ቅቤም ቀዝቃዛ ሊጥ ላይ ስላረፈ አይቀልጥም። ማታ መብራት ቢጠፋ የፍሪጁን በር አይክፈቱ፤ ለጥቂት ሰዓት ምንም አይሆንም።

ሊጡን ለሁለት ይክፈሉ፤ እያንዳንዱ 460 ግራም ገደማ ይሆናል። አንዱን ሲሠሩ ሌላው ፍሪጅ ይቆይ። በመዳመጫ ከመሐል ወደ ዳር እየገፉና ሊጡን እያዞሩ 32 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያድርጉት፤ ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ወደ ኋላ እየተሰበሰበ ካስቸገረዎት ግሉተኑ ተወጥሯል ማለት ነው፤ ሸፍነው አሥር ደቂቃ ያሳርፉት። በጉልበት የተዘረጋ ሊጥ ኦቭን ውስጥ ይኮማተርና ቅርጹን ያጣል።

አሁን ጥቅልሉ ለምን እንደሚፈታ። 25 ግራሙን ለስላሳ ቅቤ በክቡ ላይ በስሱ ሲቀቡ መሐል ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦታ ሳይቀባ ይቅር። ክቡን እንደ ኬክ ስምንት ቦታ ሲቆርጡት የእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ሹል ጫፍ ያ መሐሉ ነው፤ ሲጠቀለል መጨረሻ ላይ የሚያርፈውና መያዣ የሚሆነውም እሱ ነው። ቅቤ ከነካው አይጣበቅም። ዱቄት ከበዛበትም አይጣበቅም፤ ስለዚህ ከመቅባትዎ በፊት ትርፉን ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ። ሲቆርጡ ቢላዋውን አይጎትቱት፤ ከላይ ወደ ታች ይጫኑት፤ የፒዛ መቁረጫ ካለዎት የተሻለ ነው።

ሦስት ማዕዘኑን ያንሡና ሹል ጫፉን በቀስታ ሳብ አድርገው ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ያስረዝሙት። በሰፊው በኩል መሐሉ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሰንጠቅ ያድርጉት። ሁለቱን የስንጥቁን ጎኖች ወደ ውጪ ከፈት አድርገው መጠቅለል ሲጀምሩ ሁለቱ ቀንዶች እየሾሉ ወደ ጎን ይሄዳሉ፤ መሐሉ ላይ ሊጥ ስለማይከማችም ውስጡ ጥሬ የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል። አጠቃለሉ ጠበቅ ይበል፤ ግን ሊጡን አይጨፍልቁት። ሦስት ዙር ያህል ሲዞር ጫፉ ከሥር ገብቶ በዳቦው ክብደት እንዲያዝ አድርገው ትሪ ላይ ያሳርፉት። ጫፉ ከላይ ወይም ከጎን ከቀረ ኩፍ ሲል ይላቀቃል። ቀንዶቹን ወደ ውስጥ ጎበጥ ያድርጓቸው፤ ሲነሱ ስለሚከፈቱ ከሚፈልጉት ይልቅ ትንሽ አብዝተው ያጉብጧቸው። በመካከላቸው አራት ጣት ክፍተት ይተዉ።

ሁለተኛው ኩፍ ማለት ከሁሉም የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የማየው። የገበታ ቅቤ ከ28 ዲግሪ ጀምሮ በጣም ይላላል፤ በ32 እና በ35 መካከል ይቀልጣል። «ሞቅ ያለ ኦቭን» ለእጅ ለብ ያለ ቢመስልም የብረቱ ትሪ በቀላሉ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ታች ያለው ቅቤ መጀመሪያ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ክፍል 20 ወይም 22 ዲግሪ ስለሚሆን ለዚህ ሊጥ ከበቂ በላይ ነው። ትሪውን ሸፍነው ጠረጴዛ ላይ ይተዉት። ፍሪጅ ያደረ ሊጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ውጪ የሰነበተው ከአንድ ሰዓት በታችም ሊደርስ ይችላል። በክረምት ቤቱ ከቀዘቀዘ ትሪውን ያልበራ ኦቭን ውስጥ አስገብተው ከሥሩ አንድ ኩባያ ሙቅ ውኃ ያኑሩ፤ ከ26 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው።

የሰዓቱን ነገር ይተዉትና ሊጡን ይዩ። ጣትዎን ዱቄት አስነክተው ጎኑን በቀስታ ይጫኑ። ወዲያው ተመልሶ ከሞላ ገና ነው። ቀስ ብሎ ግማሽ ያህል ከተመለሰ ደርሷል። ጨርሶ ካልተመለሰ አልፎበታል። ትሪውን በትንሹ ሲያንቀጠቅጡት የደረሰ ሊጥ ይርገበገባል። ሳይደርስ የገባ ሊጥ ሙቀቱ ሲያገኘው ባንዴ ይወጠርና መሐል ያለውን ቅቤ ጨምቆ ያወጣዋል፤ ውስጡም እንደታፈነ ይቀራል። ስለዚህ ቅቤ መፍሰስ ብቻውን ከታየ ሁለት ተቃራኒ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ከመጠን በላይ ሙቀት ወይም በቂ ያልሆነ ዕረፍት። ለመለየት ዳቦውን ከፍለው ይዩት። ቅቤው ሊጡ ውስጥ ገብቶ ንብርብሩ ከጠፋ ሙቀቱ ነው፤ ንብርብሩ እየታየ መሐሉ ድፍን ከሆነ ዕረፍቱ አንሶታል። እርስዎ የገለጹት የመጀመሪያው ነው። ሳይጠቀለል የቀረ ጠርዝ አካባቢ ትሪው ትንሽ ቢያብረቀርቅ ግን አያስጨንቅዎ፤ ያ የተለመደ ነው።

ኦቭኑ ሊጡ ሊደርስ 25 ደቂቃ ሲቀረው ይለኮስ፤ 200 ዲግሪ ላይ። የአሜሪካው አሠራር 375 ቢል ፋራናይት ነው፤ በእኛ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው። አስኳሉንና ወተቱን መትተው በስሱ ይቀባል፤ ወደ ትሪው እየተንጠባጠበ ከሥር እንዳያጣብቀው ጠንቀቅ ይበሉ። ትሪው ሲገባ ሙቀቱን ወደ 185 ያውርዱና ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይጋገር። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች በሩ አይከፈትም።

ላዩ መቅላቱ መብሰሉን አይነግርዎትም። አስኳሉና ስኳሩ በዘጠኝ ወይም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቀለም ያመጣሉ፤ ያኔ መሐሉ ገና ነው። የእርስዎ ዳቦ ላዩ ቀልቶ ውስጡ ሊጥ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቶሎ ከቀላ በፎይል ሸፈን አድርገው ጊዜውን ይጨርሱ። ቴርሞ ሜትር ከሌለዎት አንዱን ገልብጠው ይዩ፦ ታቹ ወጥ የሆነ የወርቅ ቀለም ይዞ ሲቆረቆር ባዶ ድምፅ ከሰጠ ይውጣ። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ኦቭኖች የላዩ ማሞቂያ በጣም ስለሚቀርብ ትሪውን ዝቅ ያድርጉት። ከሥር ብቻ በሚነድ የጋዝ ኦቭን ደግሞ ሁለት ትሪ ደራርበው ይጋግሩ፤ መሐል ያለው አየር ታቹን ከመጠበስ ያድነዋል። ሲወጣ ወዲያው ከትሪው ላይ ተነሥቶ ሽቦ ላይ ይረፍ፤ ትሪው ላይ ከቆየ በገዛ እንፋሎቱ ታቹ ይርሳል። 15 ደቂቃ ሳይሞላው አይቁረጡት፤ በትኩሱ የተቆረጠ ዳቦ የበሰለውም ቢሆን ሊጥ ይመስላል።

መብራት በሁለተኛው ኩፍ ማለት ጊዜ ቢጠፋ ትሪውን እንደሸፈኑ ፍሪጅ ያስገቡ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይታገሣል። ዳቦው ኦቭን ውስጥ እያለ ከጠፋ በሩን ሳይከፍቱ ይጠብቁ፤ ከአሥረኛው ደቂቃ በኋላ ከሆነ በተያዘው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይበስላል፤ ቀለሙ ብቻ ይገረጣል።

ለጾም መሥራት ለምትፈልጉ፦ በወተቱና በእንቁላሉ ፈንታ 235 ግራም ለብ ያለ ውኃ፣ በቅቤው ፈንታ በዚያው ግራም ጠንካራውን ዓይነት ማርጋሪን። በሣህን ተሞልቶ የሚሸጠው ለስላሳው ውኃው ብዙ ስለሆነ በመሐል ሲቀባ ሊጡን ያረጥበዋል። አንዳንዱ ማርጋሪን የወተት ዱቄት ስላለበት የተጻፈውን ያንብቡ። ላዩ በአኩሪ አተር ወተት ይቀባና ከኦቭን እንደወጣ እኩል ስኳርና ውኃ ተፈልቶ ይቀባዋል። የጾሙ ዳቦ ቶሎ ይደርቃል፤ በዚያው ቀን ቢበላ ይመረጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አሜሪካ ያሉ ዘመዶችዎ ቤት የቀመሱት በካርቶን ጥቅል የሚሸጠው ዓይነት ከሆነ እሱ የሚነሳው በእርሾ ሳይሆን በቤኪንግ ፓውደር ዓይነት ነው። የእርስዎ ከእሱ ይልቅ ዳቦ ዳቦ የሚል፣ የሚለጠጥ ይሆናል። የፈረንሳዩ ክሮሳንትም ሌላ ሥራ ነው፤ እዚያ ቅቤው በአንድ ጠፍጣፋ ተዘጋጅቶ ሊጡ ውስጥ ይታሸግና ሦስት ጊዜ በሦስት ታጥፎ 27 የቅቤ ንብርብር ይሠራል። የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ለእሱ የሚመች ቢሆንም መጀመሪያ ይህንን ይቆጣጠሩት፤ የሊጡን መድረስ በጣት መለየት ለሁለቱም የሚያስፈልገው ያው አንድ ችሎታ ነው።

የተረፈው ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውጪ ሁለት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ወር ይቆያል። ፍሪጅ አያስገቡት፤ ቶሎ ያደርቀዋል። ከፍሪዘር ሲወጣ 160 ዲግሪ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ያሙቁት። ሳይጋገር ፍሪዘር የሚገባ ሊጥ ግን እርሾው እየደከመ ስለሚሄድ፣ ለእንግዳ ቀድመው ማዘጋጀት ከፈለጉ 11 ደቂቃ ብቻ ጋግረው፣ ገና ገርጥቶ ሳለ አውጥተው፣ ሲቀዘቅዝ ፍሪዘር ያስገቡት፤ በዕለቱ 190 ዲግሪ ላይ ስምንት ደቂቃ ያህል ሲጋገር ቀለሙን ይይዛል።